ቴሌቪዥን የሚገድለው የትኛው መብራት ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «65 ኢንች ቴሌቪዥን፣ ባለ ሰባት ቻናል አምፕሊፋየር፣ ሰብዉፈር፣ የሳተላይት ሪሲቨርና ላምፕ ያለው ፕሮጀክተር አለኝ። ሻጩ ‹ፓወር ኮንዲሽነር ካላስገባህ ዕቃው አይበረክትም፣ ድምፁም አይጠራም› አለኝ። ዋጋው የአምፕሊፋየሩን ግማሽ ይሆናል። ጓደኛዬ ስታቢላይዘር ይበቃል ይላል። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ዩፒኤስ ግዛ ይለኛል። ሰርጅ ፕሮቴክተር ያለው ማከፋፈያ አለኝ። ግን ጎረቤቴም ነበረው፤ አንድ ማታ ቴሌቪዥኑ ከነማከፋፈያው ተቃጠለበት። የቱን ልግዛ?»

ሦስቱም መካሪዎችዎ አልዋሹም። ኮንዲሽነር የመስመሩን ረብሻ ያጣራል፣ ስታቢላይዘር የሚዋዥቅ ቮልቴጅ ያስተካክላል፣ ዩፒኤስ መብራት ሲሄድ በባትሪ ያቆያል፣ ሰርጅ ፕሮቴክተር ደግሞ ድንገተኛ የቮልቴጅ ማዕበል ይገታል። ችግሩ የሚያወሩት ስለ አንድ በሽታ አለመሆኑ ነው። «መብራት አቃጠለው» የሚለው አነጋገር ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ከረጢት ውስጥ ይከታል። አንዱን የሚያድነው መሣሪያ ለሌላው ምንም አይፈይድም። አንዳንዴ እንዲያውም ያባብሰዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የቤትዎ ሕመም የቱ እንደሆነ እንይ።

ከጎረቤትዎ ቴሌቪዥን ልነሳ። ከጥያቄዎ ውስጥ ትልቁ ፍንጭ እሱ ነው።

ሰርጅ ፕሮቴክተር የሚባለውን ማከፋፈያ ፈትተው ቢያዩት፣ ልቡ ሳንቲም የምታህል ክብ ነገር ናት። ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ወይም ቢጫ ናት፤ ሁለት እግር አላት። ቫሪስተር ትባላለች። ከዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት ተጠፍጥፋ የተተኮሰች ናት። ለ230 ቮልት መስመር በብዛት የምትገባው ጀርባዋ ላይ «431» የሚል ጽሑፍ አለባት። 43 ብለህ አንድ ዜሮ ጨምር ማለት ነው፤ 430 ቮልት። ከዚያ በታች እንደሌለች ናት። ከዚያ ሲያልፍ ግን ወዲያው በሯን ትከፍትና ትርፉን ጅረት በራሷ በኩል ታሳልፈዋለች። 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት 100 አምፔር ሲያልፍባት፣ ቮልቴጁን 710 ገደማ ላይ ትይዘዋለች። ዕቃዎ ለቅጽበት 710 ቮልት ያያል፤ ሺዎቹን ግን አያይም።

ቅጽበት ስል ማይክሮ ሰከንድ ማለቴ ነው። መብረቅ ሩቅ ቦታ ወርዶ ሽቦ ላይ የሚያስነሳው ማዕበል እንዲህ ያለ ነው። ትልቅ ሞተር ሲጠፋ የሚፈናጠረው ቮልቴጅም እንደዚሁ። እነዚህ መሣሪያዎች የሚፈተኑበት የጅረት ሞገድ ራሱ በ8 ማይክሮ ሰከንድ ጫፍ ይደርሳል፤ በ20 ማይክሮ ሰከንድ ደግሞ በግማሽ ይወርዳል። ዓይንዎን ጨፍነው እስኪገልጡ እንዲህ ያለው ሞገድ ሺህ ጊዜ መጥቶ መሄድ ይችላል።

ጎረቤትዎ ላይ የደረሰው ግን በማይክሮ ሰከንድ የሚቆጠር አይመስለኝም። የኒውትራል መላላት ይመስለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስት ፌዝ፣ ማለትም ሦስት ኃይል ተሸካሚ ሽቦ፣ ባለው መስመር በሁለት ፌዞች መካከል 400 ቮልት አለ። እያንዳንዱ ቤት 230 የሚያገኘው፣ ኒውትራል የሚባለው የጋራ ሽቦ መሐል ቆሞ ሚዛን ስለሚጠብቅ ነው። ያ ሽቦ ፖል ላይ ወይም ቆጣሪ ሥር ቢላላ ሚዛኑ ይፈርሳል። በተለያየ ፌዝ ላይ ያሉ ሁለት ቤቶች አንዱ ከሌላው ኋላ እንደተቀጠለ አምፖል ሆነው 400ውን ይካፈሉታል። ክፍፍሉ ደግሞ ፍትሐዊ አይደለም። ውሃ ማሞቂያ የለኮሰው ቤት ትንሽ ይደርሰዋል። ቴሌቪዥን ብቻ የከፈተው ቤት 350፣ አንዳንዴም 380 ቮልት ይጫንበታል። የ120 ቮልት አገሮችም ከዚህ አያመልጡም፤ እዚያ 240ው ነው የሚከፋፈለው።

380 ቮልትን በ1.414 ያባዙት። ጫፉ 537 ይመጣል። የቴሌቪዥን ፓወር ቦርድ ላይ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ብዙ ጊዜ የሚችለው እስከ 450 ቮልት ነው። እንዲህ ያለ ቴሌቪዥን ጠረጴዛዬ ላይ ሲመጣ ገና ክዳኑን ሳልፈታ ሽታው ይነግረኛል። ስከፍተው ካፓሲተሩ አናቱ ተነፍቶ ወይም ተቀዶ አገኘዋለሁ። ፊውዙ ጠቁሯል። ቫሪስተሯ ለሁለት ተሰንጥቃለች። ምስኪን፣ ሥራዋን ስትሠራ ነው የሞተችው። ለማይክሮ ሰከንድ የተፈጠረችውን ለደቂቃዎች ሲያሠሯት ትግላለች፣ ትጠቁራለች፣ ትፈነዳለች። ማከፋፈያው ውስጥ አብሯት የሙቀት ፊውዝ ካልተገጠመ እሳትም ታስነሳለች። «ከነማከፋፈያው ተቃጠለ» ሲሉኝ ጆሮዬ የቆመው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ለዚህ በሽታ መድኃኒቱ ሰርጅ ፕሮቴክተር አይደለም። ኮንዲሽነርም አይደለም፤ በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚቆርጥ ክፍል እንዳለው ካልተጻፈበት በስተቀር። መድኃኒቱ ቮልቴጁን እያየ ከልክ ሲያልፍ መስመሩን የሚቆርጥ ሪሌ ነው። ብዙዎች ቮልቴጅ ፕሮቴክተር ይሉታል። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ሶኬት ላይ ይሰካል። ሌላው የብሬከር ሳጥን ውስጥ እንደ ብሬከር ይሰለፋል፤ ፊቱ ላይ ቮልቴጁን በቁጥር ያሳያል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ቤቱን በሙሉ ስለሚጠብቅ። ሲገዙ ሦስት ነገር ይዩ። የላይኛውና የታችኛው ወሰን የሚስተካከል ይሁን። አምፔሩ ከዋናው ብሬከር አይነስ። መብራት ሲመለስ ወዲያው አያገናኝ፤ የመዘግየት ሰዓት ይኑረው።

ወሰኑን ስንት ላይ ላድርገው ማለትዎ አይቀርም። የተለመደው የ230 ቮልት ደንብ አሥር በመቶ ወደላይና ወደታች ይፈቅዳል፤ ከ207 እስከ 253 ማለት ነው። የላይኛውን 260 ላይ ያድርጉት። 253 ላይ ካደረጉት ያለ በቂ ምክንያት እየቆረጠ ያሰለችዎታል፣ ከዚያ ተናደው ይነቅሉታል። የታችኛውን 180 ላይ ይተዉት። መዘግየቱ አንድ ደቂቃም ሦስት ደቂቃም ቢሆን ለቴሌቪዥን ያው ነው፤ ፍሪጅም በዚያው መስመር ካለ ግን ሦስቱ ይሻላል። ይህ መሣሪያ የሰከንድ ክፍልፋይ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ የመብረቅን ማዕበል አይደርስበትም። ቫሪስተርን አይተካም፣ ያድናታል እንጂ።

አሁን ወደ እውነተኛው ሰርጅ እንሂድ። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ስለ ማከፋፈያው ዓይነት ይጨነቃል። ዋናው ነገር ግን ኧርዝ ነው፤ ትርፉን ጅረት ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ።

አንድ ቤት ተጠርቼ ሄጄ ነበር። አምፕሊፋየሩ ለሁለተኛ ጊዜ ተቃጥሏል። ባለቤቱ ጥሩ ማከፋፈያ ነው የገዛው፤ ላዩ ላይ «ግራውንድ አለ» የምትል አረንጓዴ መብራት ነበረችው። እሷ ግን ጠፍታለች። «አምፖሏ ተቃጥላ ነው» አለኝ። ሶኬቱን ፈታሁት። ባለ ሦስት ቀዳዳ ነው፤ ለኧርዙ ቦታም ብሎንም አለው። ብሎኑ ሥር ግን ምንም የለም። አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ፣ ጣት በማይሞላ ርዝመት ተቆርጦ፣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የመጀመሪያው ኤሌክትሪሻን ማን እንደነበር የሚያስታውስ አልነበረም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ። ያቺ ትንሽ መብራት እውነቱን ስትናገር ነበር፤ የሰማት አልነበረም።

ኧርዝ ከሌለ በፌዝና በኒውትራል መካከል ያለችው ቫሪስተር ትሠራለች። ወደ ኧርዝ የሚወርዱት ሁለቱ ግን ሥራ ፈት ናቸው። ስለዚህ ምንም ከመግዛትዎ በፊት ኤሌክትሪሻን ጠርተው ኧርዙን በመለኪያ ያስለኩት። ሦስት መብራት ያላት የሶኬት መሞከሪያ ሽቦው መኖሩን ብቻ ነው የምትነግርዎት። መሬቱ ጅረቱን ተቀብሎ የመበተን አቅም ይኑረው አይኑረው አታውቅም።

ቀጥሎ የብሬከር ሳጥኑ ውስጥ የሚገባ ሰርጅ ፕሮቴክተር አለ፤ ታይፕ 2 ይባላል። የተለመደው ልክ እስከ 40 ኪሎ አምፔር የሚችል ነው። ሕንፃው ላይ መብረቅ መሳቢያ ካለ፣ ከፊቱ ታይፕ 1 ያስፈልገዋል፤ እሱ የሚፈተነው ረዘም ባለ፣ 10 በ350 ማይክሮ ሰከንድ በሆነ ሞገድ ነው። ሲያስገቡ የሽቦውን ርዝመት ራስዎ ቆመው ይዩ። ከመስመሩ እስከ ፕሮቴክተሩ፣ ከፕሮቴክተሩ እስከ ኧርዙ ማያያዣ ድረስ በድምሩ ከግማሽ ሜትር እንዳይበልጥ ነው ደንቡ። ለምን? ጅረቱ በዚያ ፍጥነት ሲሮጥ አንድ ሜትር ሽቦ ብቻውን ወደ 1,000 ቮልት ይጨምራል። ሽቦው አምሮ ተጠማዞ፣ ተጠቅልሎ የታሰረበት ሳጥን ለዓይን ያምራል። መከላከያው ግን በዚያው መጠን ይዳከማል። ፕሮቴክተሩ ትንሽ መስኮት አለችው፤ አረንጓዴ ከሆነች ደህና ነው፣ ቀይ ስትሆን ካርትሪጁ ይቀየራል።

ማከፋፈያው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ትልቁን ማዕበል ይሰብራል፣ ከዕቃው አጠገብ ያለው የተረፈውን ያለዝባል። ቴሌቪዥኑ ከሳጥኑ ከአሥር ሜትር በላይ ከራቀ ሁለተኛው የግድ ነው።

የማከፋፈያ ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው ጁል ነው፤ ምን ያህል ጉልበት እንደሚችል የሚገልጽ ቁጥር። እኔ ለጁል ብዙም ደንታ የለኝም። ሁሉም የሚስማማበት የአለካክ ዘዴ ስለሌለው አንዱ ድርጅት የጻፈውን ከሌላው ጋር ማወዳደር አይቻልም። ይልቅ አይኢሲ 61643-11 ወይም ዩኤል 1449 የሚል ደረጃ መኖሩን ይዩ። ከዚያ የመከላከያ ቮልቴጁን፣ ማለትም ማዕበል ሲመጣ ለዕቃው የሚያሳልፈውን፣ ይዩ፤ ዝቅ ባለ ቁጥር ይሻላል። በ230 መስመር ከ1.5 ኪሎ ቮልት አይብለጥ። በ120 መስመር በዩኤል ዝቅተኛው እርከን 330 ነው፤ 400ም ጥሩ ነው። ሌላው ቫሪስተሩ ሲያረጅ ምን እንደሚሆን ነው። ቫሪስተር በእያንዳንዱ ምት ትንሽ ትንሽ ያልቃል። አንዳንዱ ማከፋፈያ መከላከያው ሲሞት መብራቷን ብቻ አጥፍቶ ኃይል መስጠቱን ይቀጥላል። ሌላው ኃይሉንም ይቆርጣል። የሚቆርጠውን ይግዙ። መብራቷን ከቴሌቪዥን ጀርባ ሄዶ የሚያይ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ደግሞም ቀይ ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ማከፋፈያ ሁሉ ሰርጅ ፕሮቴክተር አይደለም። ብዙዎቹን ፈትቼ ከመዳብ ሽቦና ከአምፖል በቀር ምንም አላገኘሁባቸውም።

እስካሁን ያወራነው ስለ መብራት ሽቦ ነው። የእርስዎ ቤት ግን ሌላም በር አለው፤ ሰው ሁሉ የሚረሳው እሱን ነው። የዲሽ ኬብል።

የሚቃጠለው ፓወር ቦርዱ ቢሆን እኮ ቀላል ነበር። ብዙ ጊዜ ከመብረቅ በኋላ የሚመጣልኝ ቴሌቪዥን ይበራል፣ ምናሌው ይከፈታል፣ ግን ኤችዲኤምአዩ አንዱም አይሠራም። ፓወሩ ንጹሕ ነው። አምፕሊፋየሩም እንደዚያው፤ ድምፅ አለው፣ ኤችዲኤምአይ የለውም። መንገዱ ግልጽ ነው። ማዕበሉ ጣሪያ ላይ ካለው ዲሽ በኬብሉ ወርዶ ሪሲቨሩ ገባ። ከሪሲቨሩ በኤችዲኤምአይ ወደ አምፕሊፋየሩ፣ ከአምፕሊፋየሩ ወደ ቴሌቪዥኑ ተሻገረ። እነዚያ ቺፖች በ5 ቮልትና ከዚያ በታች የሚኖሩ ናቸው። ከማከፋፈያው ጋር ምንም አልተገናኘም፤ በሩ ሌላ ነው።

ይህን ያየ ሰው ለዲሹ ለብቻው ሌላ የኧርዝ ዘንግ መሬት ላይ ይተክላል። ይህ ስሕተት ነው። ልናሰላው እንችላለን። የዘንጉ ሬዚስታንስ 10 ኦም ቢሆንና 1,000 አምፔር ቢወርድበት፣ ያ ዘንግ 10,000 ቮልት ላይ ይቆማል። የመብራቱ ኧርዝ ግን ባለበት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው 10,000 ቮልት የሚገናኝበት ቦታ ይፈልጋል፤ የሚያገኘው የእርስዎን ሪሲቨር ነው። ስለዚህ የዲሹ ኬብል ሽፋን ቤት ሲገባ ከመብራቱ ኧርዝ ጋር በአጭር ሽቦ ይታሰር። ሁሉም አብሮ ከወጣ፣ አብሮ ከወረደ፣ በመካከላቸው ልዩነት አይኖርም፤ ልዩነት ከሌለ ደግሞ የሚያቃጥል ነገር የለም። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ያለውን ነገር ሁሉ፣ ኬብሉንም የኢንተርኔት ሽቦውንም፣ ኮአክሲያል (የዲሽ ኬብል ዓይነት) እና ኔትወርክ መግቢያ ባለው አንድ ማከፋፈያ ማሳለፍ የሚመከረው በዚሁ ምክንያት ነው። ኢንተርኔቱን በዋይፋይ ቢያደርጉት አንዱን በር ዘጉት ማለት ነው። የድምፅ ኦፕቲካል ኬብል ደግሞ ብርሃን እንጂ ጅረት አያሳልፍም። በዚያ በኩል የሚመጣ ማዕበል የለም።

ጓደኛዎ ስላሉት ስታቢላይዘር። ይህ ለአነስተኛና ለሚዋዥቅ ቮልቴጅ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ያስፈልግዎታል ወይ ነው። የዕቃዎችዎን ጀርባ ያንብቡ። «100–240» የሚል ካለበት፣ ቮልቴጁ 150 ቢሆንም ግድ የለውም። ብዙ ሪሲቨሮች፣ የጨዋታ ኮንሶሎችና በርካታ ቴሌቪዥኖች እንዲህ ናቸው። «220–240» ብቻ የሚል፣ ከባድ ትራንስፎርመር ያለው አምፕሊፋየር ግን ቮልቴጁ ሲወርድ አቅም ያንሰዋል። ድምፁ ከፍ ሲል ራሱን ሊያጠፋም ይችላል።

ስታቢላይዘር ግን የራሱ መዘዝ አለው። መስመሩ 160 ላይ ወርዷል እንበል። ስታቢላይዘሩ 230 ለማድረስ በ1.44 እያባዛ ነው። ድንገት መስመሩ ወደ 230 ተመለሰ። ማባዣው ገና አልተቀየረም፤ 230ውን በ1.44 ሲያባዛ 331 ቮልት ያወጣል። ሪሌ ያለው ዓይነት ቶሎ፣ ጠቅ ብሎ ይቀይራል። በሞተር የሚዞረው ካርቦን ብሩሹን እየጎተተ እስኪደርስ ግን ሰከንድም ሊፈጅ ይችላል። ያቺ ሰከንድ ለቴሌቪዥን ረጅም ናት። ስለዚህ ከገዙ፣ መውጫው ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲያይ የሚቆርጥና ሲነሳም የሚዘገይ ይሁን። ቮልቴጅዎ ብዙም ካልወረደ ግን አይግዙ። በሌለ በሽታ መድኃኒት መውሰድ ነው የሚሆነው።

ዩፒኤስ ለአንድ ዕቃዎ ብቻ ከልብ እመክራለሁ፤ ለፕሮጀክተሩ። ላምፑ ሲበራ በብዙ መቶ ዲግሪ ይግላል። ሲያጠፉት ማራገቢያው ለጥቂት ደቂቃ መዞሩን የሚቀጥለው ለዚህ ነው። መብራት ድንገት ሲሄድ ማራገቢያው ይቆማል፣ ሙቀቱ ላምፑ ላይ ታምቆ ይቀራል፣ ዕድሜው ያጥራል። አምስት ደቂቃ የሚያቆይ ዩፒኤስ ይበቃል፤ ፊልሙን ለመጨረስ አይደለም፣ በሥርዓት ለማጥፋት ነው። ሌዘር ወይም ኤልኢዲ ፕሮጀክተር ቢሆን ይህን አልልዎትም ነበር። ፊልም የሚያከማቹበት ሃርድ ዲስክ ያለው ሳጥን ካለም አብሮ ይሰካ።

ሲገዙ ሁለት ነገር እንዳያምታታዎት። ቪኤ ዋት አይደለም። «1000 ቪኤ» የሚል ርካሽ ዩፒኤስ የሚሸከመው 600 ዋት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ባትሪ ላይ ሲሆን የሚያወጣው ሞገድ ንጹሕ ሳይን ነው ወይስ ደረጃ ደረጃ ያለ የተመሰለ? አምፕሊፋየርን በተመሰለው ላይ ቢሰኩት ትራንስፎርመሩ ያጉረመርማል። አንዳንድ ፓወር ሰፕላይም አይወደውም፣ ይጠፋል። በመደበኛው ዩፒኤስ ወደ ባትሪ መዞሪያው ከ4 እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ ደህና የተሠራ ፓወር ሰፕላይ ከዚያ በላይ ስለሚታገሥ አይታወቀውም። በተመሰለ ሞገድ ዩፒኤስ መውጫ ላይ ደግሞ ሰርጅ ማከፋፈያ አይሰኩ። አምፕሊፋየሩንና ሰብዉፈሩን ከዩፒኤስ ውጭ ይተዉ። መብራት ሲሄድ ዝም ቢሉ የሚጎዱት ነገር የለም።

ቀረ ኮንዲሽነሩ፤ ሻጩ «ድምፁ አይጠራም» ያሉበት። ከእነዚህ አንዱን ውድ የሆነውን አንድ ደንበኛዬ ሲበላሽበት ፈትቼዋለሁ። ሁለት እጅ የሚጠይቅ ክብደት ነበረው። ክብደቱ የቆርቆሮው ነበር። ውስጡ ሁለት ጥቅል ሽቦ፣ ጥቂት ካፓሲተሮች፣ ሦስት ቫሪስተሮች፣ ፊቱ ላይ ደግሞ ቮልቴጅ የሚያሳይ ሰማያዊ መብራት። ሌባ ነው አልልም፤ የጻፈውን ይሠራል። ጥቅሉና ካፓሲተሩ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ያለውን ብናኝ፣ ማለትም በመስመሩ ላይ የሚመጣውን ረብሻ፣ ያጣራሉ። ግን ተመሳሳይ ማጣሪያ ቴሌቪዥንዎ ፓወር ቦርድ መግቢያ ላይ ከፋብሪካ ተገጥሞ መጥቷል፤ ፓወሩ ራሱ የሚፈጥረው ብናኝ ወደ መስመር እንዳይወጣ ደንቡ ስለሚያስገድድ። ምስልን ያጠራል የሚለውን ደግሞ ይተዉት። ኤችዲኤምአይ ዲጂታል ነው። ብናኝ ቢረብሸው ምስሉ ይቆራረጣል ወይም ነጠብጣብ ይሞላበታል እንጂ ቀለሙ አይደበዝዝም።

ስፒከርዎ «እምምም» ይላል ወይ? አላሉኝም፤ ግን ኮንዲሽነር የሚገዛው ሰው ብዙ ጊዜ እሱን ሽሽት ነው። ያ ድምፅ ከብናኝ ሳይሆን ከኧርዝ ዙር ነው የሚመጣው፤ ሁለት ዕቃዎች በሁለት መንገድ ከኧርዝ ጋር ሲገናኙ። የዲሹን ኬብል ከሪሲቨሩ ይንቀሉት። ጸጥ ካለ ወንጀለኛው ተገኘ፤ መጀመሪያ የሚሞከረው ከላይ እንዳልኩት የኬብሉን ሽፋን ቤት ሲገባ ከመብራቱ ኧርዝ ጋር ማሰር ነው። ሰብዉፈሩ ሌላ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ከሆነ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አንድ ሶኬት ላይ ያምጡት። የኧርዙን እግር ቆርጦ «ጸጥ አለ» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ግን ምክሩን አይስሙ። ጸጥታው በሰው ሕይወት የተገዛ ነው። ድምፁ ከስፒከሩ ሳይሆን ከራሱ ከአምፕሊፋየሩ ሆድ ከሆነ ደግሞ ትራንስፎርመሩ ነው፤ ያ ሌላ ወሬ ነው።

ስለዚህ በእርስዎ ቦታ ብሆን ገንዘቤን በዚህ ተራ ነበር የማወጣው። ቀድሜ ኧርዙን አስለክቼ አስተካክላለሁ፤ የዲሹንም ኬብል አሳስራለሁ። ከዚያ ሳጥኑ ውስጥ ታይፕ 2ንና ቮልቴጅ ፕሮቴክተሩን በአንድ ቀን አስገባለሁ። ከዚያ አንድ ደህና ማከፋፈያ፣ ለፕሮጀክተሩ ትንሽ ዩፒኤስ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ሻጩ ከጠየቀዎት ቢያንስ እንጂ አይበልጥም ብዬ እገምታለሁ። ኮንዲሽነሩን እዚያው መደርደሪያው ላይ እተወዋለሁ።

መብረቅ ቤቱ ላይ ወይም አጠገቡ ቢወርድ ግን ይህ ሁሉ አያድንም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር አምፔር በሳንቲም የምታህል ነገር አይገታም። ነጎድጓድ ሲቃረብ ሶኬቱንም የዲሹንም ኬብል መንቀል ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል። ነጎድጓዱ ከራስዎ በላይ ከደረሰ ግን ተዉት፣ ያኔ ኬብል መንካት ለራስዎም ጥሩ አይደለም።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ስታቢላይዘሩን በተመለከተ ቁርጥ ያለ መልስ ያልሰጠሁት ቁጥር ስለሌለኝ ነው። ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ ቮልቴጅ መለኪያ ይሰኩ። ለአንድ ሳምንት ጠዋት፣ ማታ ሁሉም ሰው ቤቱ ሲገባ፣ እኩለ ሌሊት አካባቢም ያዩትን ይመዝግቡ። አምፖል ድንገት ሲደምቅ ወይም ሲደበዝዝ ካዩ ሰዓቱንም ይጻፉ። ማታ ማታ ከ190 በታች የሚወርድ ከሆነ ለአምፕሊፋየሩ ብቻ ስታቢላይዘር እንመርጣለን። ከ260 በላይ አንዴም ቢሆን ካዩ ግን ሳምንቱ እስኪያልቅ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ኤሌክትሪሻን ይጥሩና ኒውትራሉን ያሳዩት።